ቆራ ያልነው ተራራ

የመነሻ ትእዛዙ ሲደርሰን አብዛኞቻችን ሽርጥ ታጥቀን ግራር ጥላ ሥር ተቀምጠን ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ሰፈራችን በረሃ ነው፤ በዚያ ሰዓት ጠመንጃ በባዶ እጅ ቢነኩት ያቃጥላል። የመቶ መሪያችን መጥቶ በአጭሩ ነገረን። ዕቃችሁን ሸክፉ፣ ሳይመሽ መኪና ላይ ትሆናላችሁ፣ የምትሄዱት ደጋ ነው አለ። ደጋ ሲል ብዙዎቻችን ደስ አለን። ከዚያ ሙቀት የሚያወጣን ማንኛውም ነገር እፎይታ ነበር። ምን ተደራቢ ልብስ አላችሁ ብሎ የጠየቀን የለም። እኛም አልጠየቅንም።

ዛሬ ከሚሴ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ተራ ስጠብቅ ወጣቶቹ አጠገቤ እየተቀመጡ ስለ ጦር ሜዳ ይጠይቁኛል። የሚጠይቁኝ ስለ ተኩሱ ነው። ስንት ሰው ገደልክ የሚለኝም አለ። ጉም ውስጥ የተኮሰ ሰው ምን እንደመታ አያውቅም። የማውቀውን ግን ልናገር።

ሰይድ እባላለሁ፤ የጨፋ ልጅ ነኝ። ያደግሁት ቦርከና ወንዝ ዳር፣ ማሽላ ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ማታ የሚከናነበው ለወባ ትንኝ ብሎ እንጂ ለብርድ ብሎ አይደለም። ወታደር የሆንኩት እንደ ብዙዎቹ ሥራ ፍለጋ ነው። ዝናቡ ቀረ፣ ማሽላው ሳያፈራ ደረቀ፣ ከተማ ገብቼ የቀን ሥራ ብፈልግ ቆሞ የሚጠብቀው ከሚሠራው በለጠ። በዚያው ሰሞን ምልመላ ነበርና ተመዘገብኩ። ጦርነት ሊኖር እንደሚችል አላወቅሁም አልልም። ነገር ግን ቤተሰቤን የምረዳበት ሥራ አገኘሁ ብዬ ነው የገባሁት።

ከሁሴን ጋር የተዋወቅነው ማሰልጠኛ ውስጥ ነው። ሁሴን የባቲ ልጅ ነው። አባቱ ይማም፣ ባቲ ገበያ ውስጥ ግመልና ፍየል የሚያሻሽጡ ሰው ናቸው። ሁሴን ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳይስቅ ሰው የሚያስቅ ልጅ ነበር። አማርኛና ኦሮምኛው የቤቱ ነው፤ አፋርኛውን ከገበያ ነው የለቀመው። እኔና እሱ ሁለቱን ቋንቋ እየቀላቀልን ስናወራ ጓዶቻችን ግራ ይገባቸዋል።

የጫኑን ኦራል መኪኖች ሲጓዙ አድረው ማለዳ ከሚሴን አለፉ። የማውቃቸው ሰዎች ሱቃቸውን ሲከፍቱ ከመኪናው ላይ ሆኜ አየሁ። አልቆምንም። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሁሴን ወደ ባቲ የሚታጠፈውን መንገድ እያየ፣ በዚህ ብንወርድ ለምሳ እደርስ ነበር አለኝ። ደሴን አልፈን ወደ ላይ ስንወጣ ያለንን ሁሉ ደራረብን። ያለን ግን ጥቂት ነበር። መንገዱ ካለቀ በኋላ ደግሞ በእግር ወጣን። እየወጣን ስንሄድ እርሻው አለቀ፣ ከዚያ ዛፉ አለቀ። ጓሳ ሣርና አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ብቻ ቀረ። ደረታችን አየር አንሶት ያፏጭ ጀመር።

የተሰጠን ሥራ አንድ ነው። ተራራውን መያዝ። ከሥሩ የሚያልፈው መንገድ ለሌሎች ሻምበሎች ስንቅና ጥይት የሚመላለስበት ነው፤ ተራራው ከተለቀቀ መንገዱ ይዘጋል። ካርታው ላይ ተራራው ቁጥር ነበረው። ስም ያወጣለት ሁሴን ነው። በመጀመሪያው ማለዳ ከምሽግ ወጥቶ ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ አየና «ቆራ» አለ። ቆራ በኦሮምኛ ብርድ ነው። ከዚያ ወዲያ ኦሮምኛ የማይችሉትም ቆራ አሉት፤ ሬዲዮ ላይ ሳይቀር።

የጓዳችን፣ ማለት የትንሿ ክፍላችን፣ መሪ ሃምሳ አለቃ ሞላ ይባላል። የመንዝ ሰው ስለሆነ ውርጭ አዲሱ አይደለም። ማታ ማታ ምሽጉን እየዞረ ጫማ ያስወልቀናል፤ እግራችንን በመዳፉ እየፈተገ ያያል። እርጥቡን ካልሲ ሆዳችን ላይ አድርገን እንድናደርቅ፣ የጠመንጃውን ብረት በባዶ እጅ እንዳንይዝ አስተማረን። እንደ አባት ይቆጣን ነበር። የኮዳችን ውሃ ሌሊት ይረጋል። እኔና ሁሴን፣ ከድርም፣ ለንጋቱ የሱብሂ ሶላት ውዱእ የምናደርግበት ውሃ ስናጣ አፈር ነክተን ተየሙም አድርገን እንሰግድ ነበር። አፈሩም ድንጋይ ሆኖ ነበር።

ከድር ከጅሌ የመጣ ልጅ ነው፤ የቆላ ልጅ፣ እንደኛው። የመጀመሪያው ሟች እሱ ሆነ። ጥይት አልነካውም። የንጋት ዘብ ሊቀይረው የሄደው ሰው ድንጋይ ተደግፎ፣ ክላሹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ አገኘው። ዓይኑ ክፍት ነበር። የሬዲዮ ሠራተኛችን ዘነበ ለበላይ ሪፖርት አደረገ። በምን ተመታ ብለው ጠየቁት። ዘነበ ራሱ የአርባ ምንጭ ሰው ነው፣ ከሙቀት አገር የመጣ። መነጋገሪያውን ወደ አፉ አስጠግቶ «በብርድ» አላቸው። ከዚያ በኋላ ካፖርት ተላከልን፤ ለሁላችንም አልበቃም። በዘብ ተራ እየተቀያየርን ለበስነው።

ውጊያው የመጣው አንድ ማለዳ፣ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ጉም ተራራውን ሞልቶት ነበር። በመጀመሪያ የሰማነው ድንጋይ ሲንከባለል ነው። ሞላ እጁን አነሳ፤ ዝም አልን። ከዚያ ከታች ተኩስ ተከፈተ። ተኮስን። የምናየው ሰው የለም፤ የአፈሙዝ ብልጭታ ብቻ። በግራ በኩል ቀረቡ። ቦምብ ወረወርን። ተመለሱ። እንደገና መጡ። ዘነበ ሬዲዮው አጠገብ ተመትቶ ወዲያው ሞተ። ሞላ ሬዲዮውን ራሱ ያዘው። ረፋድ ላይ ተኩሱ ሳሳ፣ ከዚያ ቆመ። ቆራ በእጃችን ነበር።

ሁሴን ጭኑን ተመትቶ ነበር። አጥንቱ አልተሰበረም። በገዛ ሽርጡ አጥብቄ አሰርኩለት፤ ደሙ እየቀነሰ መጣ። እንዲህ ያለ ቁስል ያለበት ሰው ቆላ ላይ ቢሆን በትከሻ ደግፈውት ይሄዳል። እኛ ጋ ግን መውረጃው መንገድ አንድ ነው፤ እሱንም ከማዶ ያለ ዲሽቃ የሚሉት ከባድ መትረየስ ይቆጣጠረዋል። ጉሙ ሲገለጥ መንገዱ ላይ የሚታይ ነገር ሁሉ ይመታል። ሞላ በሬዲዮ ጠየቀ። የሚተካን ጦር ተነስቷል፣ ከምሽት በፊት ይደርሳል፣ እስከዚያ ያዙ የሚል መልስ መጣ።

እኔ ሞላን ለመንኩት። አራት ሰው ስጠኝና ጉሙ ሳይገለጥ ላውርደው አልኩ። ሞላ ምሽጉ ውስጥ የቀረነውን በዓይኑ አየን።

«አራት ሰው ከሄደ ተራራው ይሄዳል» አለኝ። «ተራራው ከሄደ መንገድ ላይ ያሉት ሁሉ ይሄዳሉ። አንተም ታውቀዋለህ።»

አውቀው ነበር። ተመልሼ ሁሴን አጠገብ ተቀመጥኩ።

ካፖርቱንም የሁላችንንም ትርፍ ልብስ ደረብንበት። ደም የፈሰሰው ሰው ግን ሙቀት አይዝም። እኩለ ቀን ላይ ከንፈሩ ጠቆረ፤ ያንቀጠቅጠው የነበረውም እየተወው መጣ። ሞላ መንቀጥቀጡ መቆሙን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሰበሰበንና ነገሩን ሳይሸፋፍን ነገረን። እሳት ካነደድን ጭሱ ያለንበትን ያሳያል፣ ካላነደድን ይህ ልጅ እስከ ማታ አይቆይም አለ። በዚህ ላይ ትእዛዝ አልሰጥም፣ የምትሞቱት እናንተ ናችሁ፣ እናንተው ንገሩኝ አለን። ከመካከላችን አንዱ ተነስቶ አስታ ይሰብር ጀመር። ሌላው ተከተለው። መልሳችን ያ ነበር።

አስታው እርጥብ ስለነበር ጭሱ ከነበልባሉ በዛ። ሁሴንን ወደ እሳቱ አስጠጋነው። ቀስ በቀስ እጁን ዘረጋ። ፊቱ ላይ ደም ተመለሰ። ማውራትም ጀመረ። ባቲ በዚህ ሰዓት ሰው ጥላ ፍለጋ በግድግዳ ጥግ ጥጉን ነው የሚሄደው አለኝ፣ ግማሹን በኦሮምኛ። አብሽር፣ አይዞህ፣ ማታ ታች ትሆናለህ አልኩት። ያልኩትን እኔም አመንኩት።

ጉሙ ሳሳ። የመጀመሪያው ሞርታር ከታች፣ ራቅ ብሎ ወደቀ። ሁለተኛው ከጀርባችን። በሁለቱ መካከል ያለነው እኛ ነን፤ ሦስተኛው የት እንደሚያርፍ ሁላችንም ገብቶናል። ሁሴን ጆሮውን አዘንብሎ አዳመጠ።

«አጥፉት» አለ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ሰይዶ፣ አጥፋው። እኔ ሞቆኛል።»

አልሞቀውም ነበር። ሁሴን በደህናው እግሩ እሳቱ ያላላውን እርጥብ አፈር እየገፋ መልሶ ላዩ ላይ ይከምር ጀመር። ያን ጊዜ በሁለት እጄ አፈር አፍሼ አገዝኩት። ሌሎቹም አገዙ። ጭሱ ቆመ። ሦስተኛው ሞርታር ከምሽጋችን አለፍ ብሎ ወደቀ፤ ከዚያ ጉሙ ተመልሶ ሸፈነን።

ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። ሁሴንን ደረቴ ላይ አድርጌ ያዝኩት፤ ሞላ ከጀርባው አቀፈው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መናገር አቆመ። የእምነት ምስክርነቱን፣ ሸሃዳውን፣ አስያዝኩት። ከንፈሩ ታስሮበት ነበርና ቃሉን እኔ አልኩለት። ጠቋሚ ጣቱን ለማንሳት ታገለ፤ ጣቶቹ በብርድ ደርቀው ነበር። አነሳው። ጥቂት ቆይቶ እጁ ወደቀ።

የሚተካን ጦር ሊመሽ ሲል ደረሰ። ቃሬዛ ይዘው ነበር። መሪያቸው ቁስለኛችሁ የት ነው ብሎ ጠየቀ።

«ቁስለኛ የለንም» አለው ሞላ።

የቀበርናቸው በማግስቱ ጠዋት ነው። ዘነበን ሞላና ሌሎች ክርስቲያኖች በሥርዓታቸው ቀበሩት። ለሁሴን ጉድጓድ ስንቆፍር አካፋው መሬቱ ላይ ይነጥር ነበር። በጦር ሜዳ የወደቀ አይታጠብም፤ ከነልብሱ ነው የሚቀበረው። ፊቱን የምናዞርበት የመካ አቅጣጫ፣ ቂብላው፣ ግን ጠፋኝ። ከሚሴ ቢሆን ሳልጠይቅ አውቀዋለሁ፤ እዚያ ጉሙ አቅጣጫውን ሁሉ ደፍኖት ነበር። ሞላ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀኝ። ፀሐይ ሳላይ ልነግረው እንደማልችል ነገርኩት። እንግዲያው እንጠብቃት አለ። አካፋውን አስቀምጦ ተቀመጠ፤ ሁላችንም ተቀመጥን። ፀሐይዋ እስክትታይ ድረስ ማንም ቶሎ በሉ አላለንም።

የእግሬ ነገር የታወቀኝ ስወርድ ነው። የግራ እግሬ ጣቶች ጠቁረው ነበር። ሆስፒታል ሦስቱን ቆረጡልኝ፤ ከዚያ በኋላ ለሠራዊቱ አልሆንም ተብዬ ተሰናበትኩ።

መሄድ እንደቻልኩ ባቲ ወረድኩ። የሁሴን አባት መርዶውን ሰምተው ነበር፤ እንዴት እንደሞተ የነገራቸው ግን የለም። ገበያው ዳር፣ ከጓደኛቸው ሱቅ ፊት ለፊት ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቀኑ በጣም ሞቃት ነበር። እጃቸውን ስሜ ተቀመጥኩ። ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ እግሬ፣ ስለ ጨፋ ዝናብ ጠየቁኝ። ስለ ልጃቸው ለመጠየቅ ጊዜ ወሰዱ።

«ጥይቱ ነው ወይስ ብርዱ?» አሉኝ በመጨረሻ። ስለ ተራራው ብርድ ሰው ነግሯቸው ኖሯል።

መዋሸት አልቻልኩም። ጥይቱ ብቻውን አይገድለውም ነበር አልኳቸው። ስለ እሳቱም ነገርኳቸው፤ እኛ እንዳነደድነው፣ እሱ እንዳጠፋው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሰዎችም ቀርበው ያዳምጡ ነበር።

«የተወለደ ጊዜ» አሉ ቆይተው፣ «ወር ሙሉ ጨርቅ አልጣልንበትም። ሙቀቱ ይበቃው ነበር።» አላህ ይዘንለት አልን፤ እርሳቸው አሚን አሉ።

ከእኛ ጓድ የሞቱትን ስማቸውን ልጥራ። ከድር፣ የጅሌ ልጅ፣ በብርድ። ዘነበ፣ የአርባ ምንጭ ሰው፣ በጥይት። ሁሴን ይማም፣ የባቲ ልጅ፣ በሁለቱም። ሃምሳ አለቃ ሞላ እኔ ከተሰናበትኩ በኋላ ሌላ ተራራ ላይ በሞርታር ፍንጣሪ ሞተ፤ በስልክ ነው የሰማሁት። አራት ናቸው።

ከወዲያ ማዶ የሞቱትን አልቆጠርናቸውም። ፀሐይዋ ወጥታ ሁሴንን ከቀበርን በኋላ ግን ቁልቁለቱ ላይ የወደቁትን አየናቸው። አንደኛው ለምሽጋችን ቅርብ ነበር። ወጣት ነው። በዚያ ውርጭ ላይ ስስ ሸሚዝ ለብሶ ክፍት ጫማ ተጫምቷል። የቆላ ልጅ መሆኑን አለባበሱ ያሳብቅ ነበር። ከየትኛው ቆላ እንደመጣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ለአባቱ ማን እንደነገራቸውም አላውቅም።