ከምሰሶ ጀርባ የቆመች የውሻ ባለቤት

ቬልዳ ኦስትራንደር በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ከውሻ ውድድሩ አዳራሽ ሦስተኛ ምሰሶ ጀርባ ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ፣ እንደ መጥረጊያ እንጨት ቀጥ ብላ ቆማ ነበር። ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት ነው። ሃያ ሰባቱን ዓመት በዊስኮንሲን የገጠር መንገድ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራለች፤ በመስታወት አንዴ ብቻ አይታ አርባ ልጅ ጸጥ የምታሰኝ ሴት ናት። እንዲህ ያለችው ሴት ከገዛ ውሻዋ ትደበቃለች ቢባል ማን ያምናል? ትደበቃለች እንጂ! አምስት ወር ሙሉ ስትደበቅ ከርማለች፤ አንዴ ከፈንዲሻ መሸጫው ኋላ፣ አንዴ ከመጸዳጃ ቤቱ በር ኋላ፣ አንዴማ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ከአንድ ግልፍተኛ፣ እግረ አጭር የዳክስሁንድ ውሻ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጣለች።

የውሻ ውድድር ሰዎች ደንብ ነው። ውሻህን ይዞ ዳኛ ፊት የሚሮጥልህ አቅራቢ ከቀጠርክ፣ ውሻው አንተን ማየት የለበትም። ካየህ ልቡ ሁለት ቦታ ይሆናል፣ እርምጃው ይበላሻል፣ ዳኛውም ፊቱን ያዞራል። የቬልዳ ጉልበት መሮጥ እምቢ ካላት ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ለዚህ ነው ውሻዋን ኦቲስን ለኮሪን ያስረከበችው። ኮሪን የሠላሳ ሦስት ዓመት ሴት ናት፤ ዘጠኝ የሰው ውሻ በትልቅ መኪና ጭና ከከተማ ከተማ ትዞራለች። ውሾቹ ከእሷ ጋር ይበላሉ፣ ከእሷ ጋር ያድራሉ።

ኦቲስ አንድ ድል ብቻ ይቀረዋል። ዛሬ ካሸነፈ ሻምፒዮን ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ካላሸነፈ ግን በውላቸው መሠረት ከኮሪን ጋር ፍሎሪዳ ወርዶ ክረምቱን ሙሉ እዚያው ይወዳደራል።

«ቬልዳ፣ ምሰሶው አልበቃሽም፤ በሁለት በኩል ትርፍ አለሽ» አለ ኤመሪ።

ኤመሪ የድሮ የወተት መኪና ነጂ ነው፤ ሁለቱ የባሴት ውሾቹ ረጃጅም ጆሯቸውን መሬት ላይ ዘርግተው በጫማው ላይ ተኝተዋል።

«ስሜን አትጥራ አንተ! ይሰማል።»

«የኔዎቹስ ስማቸው ሲጠራም አይሰሙም። ቋሊማ ሲጠበስ ግን ከሦስት መንደር ማዶ ይሰማቸዋል።»

ሌላ ቀን ቢሆን ቬልዳ ትስቅ ነበር። ይህን አዳራሽ እኮ ትወደዋለች! እዚያ ጥግ የቆመውን ጸጉረ ረጅም የአፍጋን ውሻ ተመልከቱት፤ ሲያያችሁ ከእናንተ ኋላ የቆመ ትልቅ ሰው የሚፈልግ ይመስላል። ያ ላብራዶር ደግሞ ሳንድዊች የያዘ ሌባ ቢመጣ የቤቱን ቁልፍ አውጥቶ የሚሰጥ ነው። ፎክስ ቴሪየሩ ዳኛው የሱን ወንበር እንደነጠቀው እርግጠኛ ነው። የእረኛዋ ውሻ የኮሊዋ ነገርማ አይነሳ፤ የማታውቃቸውን ሦስት ሕፃናት እየነዳች በሩ ጥግ አጉራ፣ ፊታቸው ተኝታ ትጠብቃቸዋለች። ቬልዳ ሁሉንም ትወዳለች፤ በአንዳቸውም ግን ቀንታ አታውቅም። ሌላው ውሻ የሁሉም ሰው ነው። አኪታ ግን ሰው ይመርጣል።

ኦቲስ አኪታ ነው። የድብ የሚያህል ራስ አለው፤ ጅራቱ ጀርባው ላይ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ይመዝነዋል፤ አብዛኛውም ሰው ይቀልበታል። ለቬልዳ ብቻ የሚያደርገው አንድ ነገር ነበረው፤ የሚያሳያት ነገር ሲኖረው እጇን አንጓው ላይ በአፉ ይይዛል። አይነክስም፤ እንቁላል እንደያዘ ሰው ቀስ ብሎ ነው። ከዚያ እየመራ ይወስዳታል፤ ወደ ባዶ ሳህኑ፣ ወደ በሩ፣ ወይም አጥር ሥር ወዳገኘው ጃርት። ባሏ ላይል አሥራ አንድ ወር ሙሉ እጁን ዘርግቶ ቢለምን እንኳ አልያዘለትም።

አሁን ኮሪን ኦቲስን ይዛ ከመወዳደሪያው መግቢያ አጠገብ ተራዋን ትጠብቃለች። ግራጫ ኮት ለብሳለች፤ ከኪሷ የተቀቀለ ጉበት እያወጣች ታጎርሰዋለች።

«ጉበቱን ነው የሚወደው» አለች ቬልዳ በጥርሷ መሀል፤ «እሷን አይደለም።»

«ማን ምን አለ?» አለ ኤመሪ።

ኮሪን ጉበቱን ጨርሳ እጇን በጨርቅ ጠረገች። ኦቲስ ባዶውን እጅ አየ። ከዚያ አንገቱን ዘንበል አደረገና አንጓዋን በአፉ ያዘ፤ ቀስ ብሎ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው። ወደ ውኃ ሳህኑም መራት። ኮሪን ይህ በየቀኑ የሚሆን ነገር እንደሆነ ሁሉ ዝም ብላ ተከተለችው።

የቬልዳ ፊት ጋለ። ባሏን ከሌላ ሴት ጋር ብታገኘው እንኳ ይህን ያህል አያንገበግባትም ነበር፤ ላይል ቢያንስ ያፍራል።

«ኤመሪ፣ አየህ?»

«ምኑን?»

«እጇን!»

«ተይ እንጂ ቬልዳ። ዛሬ አሸንፎ ቤትሽ ሊመጣ ነው። ሩብ ሰዓት ብቻ ታገሺ።»

እውነቱን ነው፤ እሷም ታውቃለች። ብትደበቅ ውሻው የሷ ቤት ይገባል። ግን የማን ሆኖ? ሻምፒዮን ሆኖ ሳሎኗ ውስጥ ተኝቶ ኮሪንን ሲጠብቅ ሊከርም? ይህን ሳታውቅ እንዴት ትኖራለች?

ዳኛው፣ ሸበቶው ረጅም ሰውዬ፣ አራቱን አኪታዎች አስገባ። ኦቲስ ሲሮጥ መሬቱ የሱ ነው ያስብላል። ዳኛው አንዴ አየው፣ ሁለቴ አየው፣ ሊጠቁመው ጣቱን ማንሳት ጀመረ።

ቬልዳ ከምሰሶው ጀርባ ወጣች።

አልተጣራችም፣ እጇንም አላወዛወዘችም። ቀይ ሹራቧን ለብሳ፣ ክንዶቿን አንጠልጥላ መወዳደሪያውን የሚያጥረው ገመድ አጠገብ ቆመች። ኤመሪ «ኧረ በፈጠረሽ!» ሲል ኦቲስ ዞረ።

አያት። ጅራቱ ተፈታ፤ ያ የተጠቀለለ ጅራት ወርዶ እንደ መጋረጃ ተንጠለጠለ። ቁጭ አለ። ኮሪን ማሰሪያውን ሳብ አደረገች፤ ድንጋይ! ጉበት አሳየችው፤ አላየውም። ቬልዳ ልቧ ጮቤ ረገጠ። የኔ ነው! በአዳራሹ ሰው ሁሉ ፊት፣ በዳኛው ፊት፣ የኔ!

ያኔ ኦቲስ ተነሣ። ወደ ቬልዳ ከመሮጡ በፊት ግን ዞሮ የኮሪንን አንጓ በአፉ ያዘ። በዳኛው ፊት አቋርጦ፣ ሌሎቹን አኪታዎች አልፎ፣ ኮሪንን እየመራ ቬልዳ ድረስ አመጣት። ሁለቱ ሴቶች ገመዱን መሀል አድርገው ሲገናኙ አንጓዋን ለቀቀና በመካከላቸው ተቀመጠ። አጉረመረመም፤ ቤተሰቡን ሰብስቦ የጨረሰ አባወራ ነው የሚመስለው።

«አመሰግናለሁ፤ መውጣት ትችላላችሁ» አለ ዳኛው ጣቱን አውርዶ።

ኮሪን ገመዱን አልፋ ወጣች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

«ወይዘሮ ቬልዳ፣ ሆን ብለው ነው፣ አይደል?»

«ሆን ብዬ ነው።»

«አሸንፎ ነበር እኮ! ዳኛው እጁን አንሥቶ ነበር!»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ሰኞ ወደ ፍሎሪዳ ይዤው ልውረድ?»

«የትም አይወርድም። ቤቱ ነው የሚገባው።»

«ሻምፒዮን ሳይሆን?»

«ሳይሆን።»

ኮሪን ጎንበስ ብላ የኦቲስን ጆሮ ሥር አከከች፤ እሱም ዓይኑን ጨፈነላት። ቬልዳን አሁንም ከውስጧ አንድ ነገር ቆነጠጣት።

«ሆቴል ስናርፍ አልጋዬ ላይ ነው የሚተኛው» አለች ኮሪን። «ካልፈቀዱለት ቅር ይለዋል።»

«አልጋሽ ላይ? እኔ ቤት አንድ ቀን አልጋ ላይ ወጥቶ አያውቅም!»

«ጠይቆዎት ያውቃል?»

ኤመሪ አንዱን ባሴት ከጫማው ላይ ለማንሣት ድንገት ሥራ በዛበት።

ቬልዳ የውድድሩን መጽሔት ከቦርሳዋ አወጣች፤ እስክሪብቶም ከኤመሪ ኪስ ነጠቀች። ገጹን ገልብጣ የእስክሪብቶውን ክዳን በጥርሷ ነቀለችው።

«ሌላስ?» አለች።

«ምን ሌላ?»

«እኔ የማላውቀውን ሁሉ ንገሪኝ። ምን ይበላል አሁን?»

«ጠዋት ቶሎ አይበላም። ጎኑ ይቀመጡለት፤ ሳህኑን ግን አይዩበት።»

ጻፈች።

«መብረቅ ሲኖር የመታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ይገባል። አያውጡት። በራሱ ይወጣል።»

ጻፈች።

«ታጥቦ ፀጉሩ ሲደርቅ ማንጎራጎር ይወዳል።»

«እሱ ነው የሚያንጎራጉረው?»

«እኔ ነኝ። እሱ ይመልሳል።»

«ምን ብለሽ ነው የምታንጎራጉሪው?»

ኮሪን ግራ ቀኝ አይታ አፈረች። ከዚያ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ቃል የሌለው አጭር ዜማ አወረደች። ኦቲስ ራሱን ከቬልዳ ጉልበት ላይ አንሥቶ ወደ ኮሪን ዞረ፤ ከደረቱ ውስጥም ያንኑ ዜማ በራሱ መንገድ እያጉረመረመ መለሰላት። ቬልዳ ይህን ድምፅ ከእሱ ሰምታ አታውቅም። የያዘችው እስክሪብቶ ወረቀቱን በሳው።

«ድገሚልኝ» አለች። «ቀስ አድርገሽ።»