ስለ ሲጋራው ተጠየቀ፣ ስለ አረቄው ዝም ተባለ

ባለፈው እሁድ እዚህ ሮቢት፣ ልጄ ቤት ሽማግሌ መጣ። ይህችን የምትጽፍልኝን የልጅ ልጄን ለትዳር ሊጠይቁ ነው። ገና ተደላድለው ሳይቀመጡ ልጄ፣ «ልጁ ሲጋራ ያጨሳል?» አላቸው። «ኧረ በጭራሽ» አሉት፤ ፊቱ በራ። «መጠጥስ?» አልኩ እኔ ከጥግ። ሳቁ። «እማማ፣ እሱማ ከጓደኛ ጋር ለጨዋታ ነው» አለኝ አንዱ። እኔ አልሳቅሁም።

እኔም በልጅነቴ እንዲህ ተጠይቄያለሁ። ቀወት ነው፣ ቆላው ላይ። ማሽላው እሸት ይዟል፤ እኔ ማማ ላይ ወጥቼ ወፍ በወንጭፍ ሳባርር እውላለሁ። ሲርበኝ እሸት እጠብሳለሁ። ማማ ላይ የቆመ ሰው የማያየው የለም፤ የገበያው መንገድ ከሥሩ ነው የሚያልፍ።

መጀመሪያ ለአንድ የጀውሃ ሾፌር ጠየቁኝ። አባቴ እንደሚያጨስ ሰማና፣ «ትምባሆ የሚሸት ሰው ደጄን አይረግጥም» ብሎ መለሳቸው። ሰውየውን አላውቀውም፤ አላዘንኩም።

ቀጥሎ ለታደሰ መጡ። መሬት አለው፣ በሬ አለው። ዋስ ሊሆኑለት ጎረቤታችን ጋሼ ሰይድም አብረው መጡ። እኛ አገር ያለ ዋስ ልጅ አይሰጥም፤ ባልየው ቢበድል የሚጠየቀው ዋሱ ነው። ለሌሎቹ ጠላ ቀዳሁ፤ ጋሼ ሰይድ እስላም ናቸውና ለሳቸው ያልፈላ የማር ብርዝ ሰጠሁ። አባቴ ዘሩን ጠየቀ፣ ሲጋራውን ጠየቀ። እሺ ሊል ሲል ቀደምኩት።

«አባባ፣ ስለ ሲጋራው ጠየቁ፤ ስለ አረቄው ለምን ዝም አሉ?»

ሴት ልጅ ሽማግሌ ፊት አፏን አትከፍትም ነበር። «ወንድ ልጅ ከገበያ ሲመለስ ቢቀምስ ምን ነውር አለው?» አለኝ አፍጥጦ።

«ትምባሆ ሱስ ነው፤ አረቄ ጨዋታ ነው» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«እናትን በዱላ መምታትም ጨዋታ ነው?» አልኩት። «የገበያ ለት ከማማው ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ። እሱ አህያው ላይ ሆኖ ይወላገዳል፣ እናቱ ትጎትታለች። አህያው ቢለግም እሷን መታት።»

ጋሼ ሰይድ ብርዙን መሬት አስቀመጡት። «በዓይንሽ አይተሻል?»

«በዓይኔ።»

«ወላሂ፣ ይሄን አልነገሩኝም። እናቱን ለመታ ዋስ አልሆንም» ብለው ተነሥተው ወጡ። ነገሩም በዚያው ቀረ። አባቴ ማሽላው እስኪታጨድ ከእጄ ውሃ አልተቀበለም።

ኋላ ያገባሁት ሰው ከክምር ጀርባ ተሸሽጎ ያጨስ ነበር፣ እንደ ሌባ። ሰካራም ግን እያቅራራ በአደባባይ ይገባል። ባሌ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም፤ ሳሉ ግን ደረቱን በልቶት ቀበርኩት። ስለዚህ ለሲጋራ ጠበቃ አልቆምም፤ ማባረራችሁ ደግ ነው። እኔ የምለው፣ ሲጋራውን የምትጠይቅ አፍ አረቄውንም ትጠይቅ ነው።

ሽማግሌዎቹ የፊታችን እሁድ ተመልሰው ይመጣሉ። ልጄ፣ «እማዬ፣ እንዳታሳፍሪኝ» ብሎኛል። ያፍራል እንግዲህ። ምን ያህል ይጠጣል፣ ሲጠጣስ ምን ይሆናል፣ ማንስ ዋስ ይሆነዋል ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱን ሳልሰማ አልመርቅም። ያለ እኔ ምርቃት ደግሞ ልጄ ልጁን አይድርም፤ ያውቀኛል።