ሙሾ የሚሞከርበት ኮምፒውተር

ያገለገለ ኮምፒውተር መግዛት የሰው ትራስ ከመግዛት አይለይም። ላዩ ተወልውሎ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ግን የማታውቀው ሰው ላብና ፀጉር ነው። ቡሬ የገባንበት ሱቅ ውስጥ የተደረደሩት ላፕቶፖች ቁልፋቸው ጣት ላይ ይጣበቃል። በአንዱ ፊደሎች መሃል የደረቀ የጫት ቅጠል ተሰክቶ አየሁ። ሻጩ በጥፍሩ ፈልቅቆ ወለሉ ላይ ጣለና «አዲስ በይው» አለኝ።

የምፈልገው ቤት ውስጥ ድምፅ የምቀዳበት ነበር። እናቴ ከፈረስ ቤት እስከ ጅጋ ለቅሶ ባለበት ሁሉ የምትጠራ ሙሾ አውራጅ ናት። አባቴ የሞተ ጊዜ ያወረደችለትን እንድትደግምልኝና እንድቀዳው ስለምናት «ሬሳ በሌለበት ሙሾ ሟርት ነው» ስትለኝ ከረመች። በመጨረሻ እሺ ብትልም ቃሌን ተቀብላ ነው። «ያባትሽ ነውና እላለሁ። ከቤት ግን እንዳይወጣ» አለችኝ፤ ማልኩላት። በስልክ ስሞክረው ድምፅዋ የተሰነጠቀ ጣሳ ሆነብኝ። ስለዚህ ደህና ዕቃ ልፈልግ ከፍኖተ ሰላም ስነሳ፣ «ድምፄን የሚውጠውን ነገር ሳላየውማ» ብላ አብራኝ መጣች።

እያንዳንዱን አስከፍቼ ጆሮዬን ለጠፍኩበት፤ ማራገቢያው የሚጮህ ከሆነ ጩኸቱ ቀረጻው ውስጥ ይገባል። ሻጩ «እህቴ፣ ሳንባውን ነው የምታዳምጪው?» ሲል ግድግዳውን ተደግፈው ጫት የሚቅሙ ጎረምሶች ተንከተከቱ። እንደ ምንም አንድ ዝም ያለ አገኘሁ።

«ድምፁን ደግሞ ስሚ» አለና ከፈተው።

ለቅሶ ነበር። አንዲት ሴት «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ትጮኻለች፤ ከኋላዋ ደረት ሲመታ ይሰማል። የሆነ ሰው ኮምፒውተሩን ሲሸጥ ሳያጠፋው የቀረ ነው።

«አንዱ ላይ አግኝቼው ሁሉም ላይ ጭኜዋለሁ» አለኝ ሻጩ፣ በኩራት። «ስፒከር እንደ ለቅሶ የሚፈትነው የለም። ከፍም ይላል፣ ዝቅም ይላል።»

ያ ጫት እንኳ ከዚህ ይሻል ነበር።

እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አይደለም፣ እማማ። ቴስት ነው።»

«እንዲህ እየተለቀሰለት? ምነው ልጄ፣ እንዴት ማንም አይሆንም?»

ሳቁባት። እሷ ግን ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ እዚያው የጫት ገራባ የተበተነበት ወለል ላይ ቁጭ አለችና ለማታውቀው ሰው አወረደችለት፦

«ስምህን ባላውቀው ወንድሜ ልበልህ፣
ሰው ሁሉ ሲስቅብህ እኔ ላልቅስልህ።»

እንዲያ ስታለቅስ ከአባቴ ቀብር ወዲህ ሰምቻት አላውቅም። ሳቁ ቆመ። አፍረው መስሎኝ ዞር ስል፣ ሻጩ ስልኩን አውጥቶ እየቀረጻት ነው። «አጥፋው!» ብዬ ብጮህበት «እናትሽ እኮ ጎበዝ ናቸው፣ ምን ያናድድሻል?» አለኝ። አንገቱን ልይዘው ስል እናቴ እጄን ይዛ ጎትታ አወጣችኝ።

ኮምፒውተሩን ኋላ ላይ ከሌላ ቦታ ገዛሁ። ንጹሕ ነው፣ ማራገቢያው ድምፅ የለውም። እናቴ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጠችና «ሰው በሳቀበት አፌ ላባትሽ አላወርድም» ብላ ተነሳች። ዳግመኛ አልጠየቅኳትም።

በቀደም ለጉዳይ ቡሬ ሄጄ ባጃጅ ስጠብቅ ድምፅዋን ሰማሁ። ከዚያው ሱቅ ነው የሚወጣው። በሩ ላይ አንድ ጎልማሳ ላፕቶፕ ታቅፎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ላፕቶፑ ውስጥ እናቴ ወለሉ ላይ ሆና «ወንድሜ ልበልህ» ትላለች። ሰውየው ወደ ሻጩ ዞረና፣

«ይኼኛው ጥርት ይላል» አለው።