ከነጠፈች ላም የታለበ ወተት

ይህ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ እኔ ገና ሳልዳር፣ ፎገራ ሜዳ ላይ በአንድ የፍልሰታ ጾም ነው። ዛሬ የልጅ ልጆች አሉኝ፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን ሰው በጉባኤ መካከል ተነሥቶ ስለ ጽድቅ መጮህ በጀመረ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

ቤታችን ከወረታ ዝቅ ብሎ ሜዳው ላይ ነበር። አባቴ ሞቷል፤ የቀረነው እናቴ፣ እኔና ታናሽ እኅቴ አንጓች ነበርን። ያን ክረምት ውሃው ከወትሮው ከፍ ብሎ ጓሯችንን በላው። አንጓችን ደግሞ ንዳድ ያዛት። ትኩሳቱ ሲለቃት አጥንቷ ብቻ ቀረ። ሽሮው አልዋጥ አላት፤ ቂጣውን ትተፋዋለች።

ላማችን ነጥፋለች። የምትታለብ ላም የነበረቻት ጎረቤታችን እትዬ ደብሬ ናት። አንጓችን ክርስትና ያነሣች የእናቴ አበልጅ ናት። አንድ ጠዋት የወተት ቅል በነጠላዋ ሸፍና መጣች።

«እንቺ አበልጄ፣ ልጄን አጠጫት።»

«በፍልሰታ?» አለች እናቴ።

«ለበሽተኛ ምን ጾም አለ! ደግሞስ ማን ያያል?»

የነፍስ አባታችንን እንዳንጠይቅ ርብ ወንዝ ሞልቶ ከማዶ ቀርተዋል። እናቴ አጠጣቻት። ደብሬም በየጠዋቱ ታመጣ ጀመር። አንጓች ቀና ብላ ተቀመጠች። ቆይታም እኔን መሳደብ ጀመረች፤ እንደምትድን ያመንሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በሽተኛ ልትጠይቅ የመጣች አንዲት ሴት የአንጓች ከንፈር ላይ ነጭ ነገር አየች።

እሑድ ሰንበቴ ላይ ጠላው ሳይቀዳ ነገሩ ተነሣ። መጀመሪያ የሰንበቴው አለቃ አያ ተገኘ በቀስታ ጠየቀ፤ «እንዲህ ይባላል፤ እውነት ነው ወይ?» እናቴ አልካደችም። ቀጥሎ የተነሣው ድምፁን ከፍ አደረገ። ሌላው ከእሱ በለጠ። እያንዳንዱ ሲናገር እናቴን አያይም፤ የሚያየው ሌሎቹን ነው። አንድ ጎልማሳ ብድግ ብሎ፣

«እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምራቄን እንኳ አልውጥም!» አለ።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ጩኸት በምን ርሶ ነው የሚወጣው?» አለችው አንዲት ባልቴት።

ሳቁ። እኔም ነገሩ በሳቅ ያለፈ መሰለኝ።

ያን ጊዜ እትዬ ደብሬ ተነሣች። ልታድነን ነው ብዬ ልቤ ዘለለ።

«ክርስትና ያነሣኋት ለዚህ ነው?» ብላ ደረቷን መታች። «በእመቤታችን ጾም ልጄን አረከሰችብኝ! ለእንዲህ ያለችው እሳት የሚሰጥ ቢኖር ከእሷ አይለይ!»

«እውነት ነው!» አለ ሰው ሁሉ።

እኔ አልቻልሁም። ተነሣሁና፣ «ላማችን ነጥፋለች። ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ወተቱን ከየት አመጣችው ብላችሁ ለምን አትጠይቁም?» አልሁ።

ፎገራ ከብት የሚያውቅ አገር ነው። የጎረቤቱ ላም መቼ በኮርማ እንደተጠቃች፣ መቼ እንደምትወልድ፣ መቼ እንደነጠፈች የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም። ደብሬ ወደ መሬት አየች። አያ ተገኘ ወደ እናቴ ዞሮ «ከየት ነው?» አላት።

«ከላሜ ነው፤ አልቤ ነው» አለች እናቴ።

«እንግዲህ በራሷ አፍ ተናገረች» አለ። ከነጠፈች ላም ወተት ታለበ ተባለ፤ ያ ሁሉ ከብት አዋቂም ተቀበለው። ቄሱ መጥተው ቀኖና እስኪሰጧት ድረስ ማንም እሳት እንዳይሰጣት፣ ቤቷንም እንዳይረግጥ ተወሰነ።

መንገድ ላይ «ለምን ዋሸሽ?» ብዬ ጮኽሁባት።

«እሷንም ቢጥሏት ነገ ወተቱን ማን ያመጣዋል?» አለችኝ።

በማግስቱ ወተት አልመጣም። ውሃው ቤታችን ገብቶ ያዳፈንነውን እሳት አጠፋው። ክብሪት ያለው ወረታ ገበያ ነው፤ መንገዱ ሁሉ ውሃ ነው። ጎህ ሲቀድ ስወጣ አጥሩ ሥር በገል ላይ ፍም ተቀምጦ አገኘሁ። ገሉን አወቅሁት፤ የደብሬ ማሰሮ ሲሰበር አጠገቧ ነበርሁ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ፍም ይቀመጣል። ወተት ግን የለም። ወተት ከንፈር ላይ ይቀራል፤ ፍም የማን እንደሆነ አይናገርም።

በፍሙ አብሽ አፈላንላት። አንጓች ጾሙ ሳይፈታ ሞተች።

እውነቱን ልናገር፤ ወተቱ ቢመጣ ትድን ነበር ብዬ መማል አልችልም። ንዳድ በዚያ ክረምት ስንቱን የጠገበ ወስዷል። ደብሬም ቀብሩ ላይ ፊቷን የነጨችው ከልቧ ነበር።

ወንዙ ጎድሎ የነፍስ አባታችን ሲመጡ «ለታመመች ልጅ ማን ከለከለ?» አሉ። አንዱ «ይህንማ እኔም በልቤ ብዬው ነበር» አለ። ሌላውም ቀጠለ። ሁሉም በልቡ ብሎት ኖሯል!

ደብሬ አርጅታ ሞተች። ስለ ፍሙ አንድ ቀን አልተነጋገርንም። ተዝካሯ ላይ ሰው እየተቀባበለ «በጾም ቀልድ የማታውቅ!» እያለ አሞገሳት። እኔም ተነሣሁ።

«በፍልሰታ ለእኅቴ ወተት የሰጠቻት እሷ ናት። ከሠራችው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው» አልሁ።

«የሙት ስም አታጥፊ!» ብለው ጮኹብኝ። ልጆቿ ከዳሱ አስወጡኝ።

እስከ ዛሬ በዚያ አገር ስም አጥፊ ነኝ። እኅቴን ባሰብሁ ቁጥር አሁንም የደብሬ ነገር ያንገበግበኛል። ነገር ግን ያን ቀን ዳሱን ከሞላው ሰው ውስጥ በእውነት ያመሰገንኋት እኔ ብቻ ነበርሁ።