ለመሐላ አልነሳ ያለችው ቀኝ እጄ

ባለፈው እሁድ ልጄ ኢማን ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን ስታይ ቆየችና «እማ፣ ስሚማ» አለችኝ። አንድ ሰው ሥራ ላይ ተጎድቶ፣ «ያኔውኑ አልተናገርክም» ተብሎ መታከሚያ ተከልክሎ ኖሯል፤ ፍርድ ቤት ግን ሰሞኑን ፈረደለት ትላለች። እኔ ምስር እየለቀምኩ ነበር። እጄ ትሪው ላይ ቆመ። ትከሻዬም የሰማች መሰለኝ።

እኔም ሥራ ላይ ስጎዳ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ዲቪ ደርሶን ከደሴ አሜሪካ ከመጣን ብዙም አልቆየንም። ወሩ ነሐሴ ነው፤ እኛ አገር ጭቃው የሚያንሸራትትበት፣ ዳላስ ግን አስፋልቱ ጫማ የሚያቀልጥበት። ዳላስ አጠገብ ሌዊስቪል፣ አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሽግ ነበር። ከላይኛው መደርደሪያ አንዱ ካርቶን ተንሸራቶ ቀኝ ትከሻዬ ላይ ወረደ። ውስጡ ብረት ነበር። ዓይኔ ጨለመብኝ። አለቃችን ሱፐርቫይዘሩ እየሮጠ መጥቶ «አር ዩ ኦኬ?» አለኝ፤ ደህና ነሽ ወይ ማለቱ ነው።

ምን ልበል? እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ልትጠይቁ ገብታችሁ «እንዴት አደርክ?» ብትሉት፣ ነፍሱ ጉሮሮው ደርሳ እንኳ «ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» ነው የሚላችሁ። ምስጋናው ይቀድማል። ሕመሙ ኋላ ነው የሚወራው፣ ያውም ሁለተኛ ለጠየቀ ሰው። ሱፐርቫይዘሩ ግን ሁለተኛ አልጠየቀኝም። «ኦኬ፣ ኦኬ» አልኩት፤ ፈገግም አልኩለት።

ፍርሃት የገባኝ ያን ቀን አይደለም። ከቀናት በኋላ ጠዋት፣ ኢማን ለትምህርት ቤት ሹሩባ ልሠራት ጉልበቶቼ መሐል ቁጭ አለች። አምስት ዓመቷ ነው። እጄን ላነሳ ብል ከደረቴ አላልፍ አለ። ማበጠሪያው ወደቀ። «እማ፣ ሥሪኝ እንጂ» ትላለች ዞራ ሳታየኝ። ባሌ እየተደናበረ በላስቲክ አሰረላት፤ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩና አለቀስኩ።

ሐኪሙ ጅማቱ ተበጥሷል፣ ኦፕሬሽን ካልሆነ እጅሽ እንዲሁ ይቀራል አለኝ። የመሥሪያ ቤቱ ኢንሹራንስ ግን አልከፍልም አለ። «ተጠይቃ ደህና ነኝ ብላለች፤ ሥራ ላይ አልተጎዳችም።»

አብራኝ የምትሠራው ሰአዳ፣ በመኪናዋ የምታመላልሰኝ፣ ይህን ስትሰማ መሪውን መታች። «አንቺ እኮ ቀብረውሽ ሲመለሱ እንዴት ነሽ ቢሉሽ፣ ከጉድጓዱ ውስጥ ደህና ትያለሽ!» እየሳቅሁ አለቀስኩ።

አቤት ብዬ ጉዳዩ የሚሰማበት ቀን ሲደርስም ዳላስ ድረስ የወሰደችኝ እሷው ናት። ሀይዌዩ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሞ ሳለ ብርቱካን ልጣ በአፌ ታጎርሰኛለች፤ እኔ አይወርድልኝም። እስከ ሦስተኛ ክፍል የተማርኩ ሴት ነኝ። ዳኛ ፊት ቆሜ አላውቅም። ከጎኔ መንግሥት በነፃ እንዲያግዙኝ የመደበልኝ አንዲት ሽማግሌ ሴትዮ ተቀመጡ፣ ማዶ የኢንሹራንሱ ጠበቃ። አስተርጓሚው የአዲስ አበባ ልጅ ነው። «ቀኝ እጅዎን ያንሱና ይማሉ ብላለች ዳኛዋ» አለኝ።

አነሳሁ። ደረቴ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዳኛዋ አየችኝና በግራሽም ይሆናል አለች።

«በግራ አይማልም» አልኩ።

በግራዬ የቀኜን ክርን ያዝኩና ወደ ላይ ገፋሁት። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ዳኛዋ ከወንበሯ ብድግ ብላ «አር ዩ ኦኬ?» አለች።

«ኦኬ። ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ከኋላዬ ሰአዳ «ያ ረቢ፣ ይቺ ሴትዮ!» ስትል ሰማኋት። አለቀልኝ አልኩ። በገዛ አፌ ደገምኩት እኮ!

ዳኛዋ ወደ ጠበቃው ዞረች። «ያን ቀንም እንዲህ ነው ያለችው?» ጠበቃው ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ እንደገና ጠየቀችኝ፤ «እውነቱን ንገሪኝ፣ ያምሻል?»

ካርቶኑ ከወደቀብኝ ወዲህ ሁለተኛ ጊዜ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት።

«በጣም» አልኩ። «ልጄን ማበጠር አቃተኝ።»

ካርቶኑ ሲወድቅ ያየችው ሰአዳም መሰከረች። ከሳምንታት በኋላ ሽማግሌዋ ሴትዮ ደወሉና ተፈርዶልሻል አሉኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ኩሽናው ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ኦፕሬሽኑ ሆነ፤ እጄ ቀስ እያለ ተመለሰ። መጀመሪያ የሠራኋት ሹሩባ የተጣመመ ነበር። ኢማን ግን አልፈታም ብላ ትራሷ ላይ እስኪንጨባረር ይዛው ከረመች።

እሁድ ዕለት አንብባ ስትጨርስ ስልኳን አስቀመጠች። «ሶ፣ አሁንስ ትከሻሽ እንዴት ነው እማ?»

«ደህና፣ አልሐምዱሊላህ።»

ታሪኩን ታውቀዋለችና ሳቀች። «ኦኬ፣ ደግሜ ጠይቄሻለሁ።»

አንዳንዴ አስባለሁ፤ ምስጋና ማስቀደሙን አሁንም አልተውኩም፣ አልተውምም። ሰው ግን ሁለተኛ የሚጠይቀው አይጣ። የምስሩን ትሪ ወደ ጎን አደረግሁና ቀኝ እጄን ከራሴ በላይ ቀጥ አድርጌ አነሳሁላት።

«ደህና ነኝ» አልኳት። «የምሬን ነው ልጄ፣ ደህና ነኝ።»