በሁዳዴ የተወራ አልበም

የያዙኝ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ ፈተና እያረምኩ ነው። ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ከመግባቱ በፊት አንኳኩቷል። «ስልክህን ይዘህ ና» አለኝ። የገረመኝ «ስልክህን» ማለቱ ነው። በዚያ ሰሞን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሰው መያዝ ብርቅ አልነበረም። እኔን ብቻ ቢፈልጉ ይገባኝ ነበር፤ ስልኬ ውስጥ ግን ከሙዚቃ በቀር ምንም የለም።

ጥፋቱም እሱ ሆኖ ተገኘ። በቴሌግራም አንዲት ቻናል አለችኝ። በየሳምንቱ አዲስ ያገኘሁትን አልበም፣ ሰው ገና ያላወቀውን ባንድ አዳምጬ የቱ ዘፈን እንደሚሰማ፣ የቱ እንደሚዘለል እጽፋለሁ። አቃቂር ማውጣት እወዳለሁ፤ ባለቤቴ «አንተ ሠርግ ቤት ሄደህ እንኳ ከሙሽሮቹ ይልቅ ስፒከሩን ነው የምታየው» ትለኛለች። ከመያዜ ጥቂት ቀደም ብሎ ስም ያልተጻፈበት አንድ አልበም ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ እጄ ገባ። ማሲንቆ፣ ጊታርና አንድ የወንድ ድምፅ ነው። ዘፈኖቹ የእኛው የሰሞኑ ኑሮ ናቸው፤ ስለተዘጋ ትምህርት ቤት፣ ስለማይመጣ አውቶቡስ፣ ወጥቶ ስለቀረ ወንድም። «ይህን ሰው ስሙት» ብዬ ለጠፍኩት። ሰሚው በዛ፣ መርማሪዎቹም ሰሙት።

«ይህ ዘፋኝ ማን ነው?» አለኝ መርማሪው።

«አላውቀውም።»

«የማታውቀውን ሰው ነው እንዲህ የምታሞግሰው?»

«ሙዚቃውን እንጂ ሰውየውን አላሞገስኩም» አልኩት። እውነቴን ነበር። እሱ ግን እንደ ቀልድ ቆጠረብኝና ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሰው ያነሳሳል ይህ ድምፅ። ስሙን የነገርከኝ ዕለት ቤትህ ትገባለህ። ባለቤትህ ወሯ ገብቷል አሉ፤ ለራስህ እወቅበት።»

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን እርጉዝ ነበረች። ያን ከማን እንደሰማ እስከዛሬ አላወቅኩም።

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን የነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው። ጤፉና ስንዴው ከወጣ ቆይቷል፤ የነቀዝ መድኃኒቱ ሽታ ግን ግድግዳው ውስጥ ቀርቷል። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው ቆርቆሮው ከግንቡ በተላቀቀበት ስንጥቅ ነው። ቀን ቆርቆሮው ይግላል፣ ማታ ሲሚንቶው ይበርዳል። ስገባ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ፤ ማንም ሰላም አላለኝም።

የክፍሉ አለቃ፣ በእስር ቤቱ ቋንቋ ካቦው፣ የደጀን ሰው ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ሲሆን አባይ በረሃን ሲወርድና ሲወጣ የኖረ ድምፀ ጎርናና ነው። ቦታ ሰጠኝና የቤቱን ደንብ ነገረኝ።

«ስማኝ ወንድሜ፣ እዚህ ፖለቲካ አይወራም። ለምን ተያዝክ አይባልም፣ ማን ያዘህም አይባልም። ማን ምን እንደሆነ አናውቅማ። ሙዚቃ ግን ይወራል።»

«ሙዚቃ?»

«ታዲያ ምን እናውራ? እንግዳ ሲገባ መጨረሻ የሰማውን አዲስ ነገር ያወራልናል። እኔ መኪናዬን ካቆምኩ ወዲህ ምን ወጣ?»

ሳቄ መጣ። ያሳሰረኝን ሥራ እስር ቤት ውስጥ አገኘሁት።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ወሩ ሁዳዴ ነው። ከመሀላችን የደብረ ወርቅ የዜማ መምህር አሉ፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። በተማሪዎቻቸው ጎጆ ውስጥ ሰው ተሸሽጓል ተብሎ ነው የመጡት። በጾም ዘፈን እንደማይዘፈን ልጅ ሆኖ ያልተነገረው የጎጃም ሰው የለም፤ ስለዚህ ክፍሉ የኔታን ጠይቆ ነበር። «ወሬው አይከለከልም፣ ዜማው ይቆያችሁ» ብለው ፈረዱ። እንዲህ ሆኖ አልበም በአፍ ይወራል፣ ማንጎራጎር ግን ክልክል ነው። ይህን ሞክሮ ያላየ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ጉሮሮዬ ላይ የመጣውን ዜማ መልሼ እየዋጥኩ ነው ያወራሁት።

ሦስት ሴቶች ያቋቋሙትን አንድ ባንድ አወራሁላቸው፤ ቤዝ ጊታሯ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፣ ዘፋኟ እንዳትወድቅ የምትጠነቀቅ ይመስል ቀስ ብላ ትከተላታለች። አንድ ሽማግሌ ዋሽንት ነፊ ከልጅ ልጁ ጋር ያወጣውን አልበምም አወራሁ፤ ልጁ ኪቦርዱን ቢያጠፋው ኖሮ የዓመቱ ምርጥ በሆነ ነበር። ካቦው ጭኑን እየመታ ሳቀ። ከጎኔ የተኙት የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ሙስሊም ናቸው። በተራቸው ከሰሙት ሁሉ የበለጠባቸውን የመንዙማ ቡድን እያነሱ «ድቤው ብቻውን ያስለቅስሃል» አሉኝ። እስካሁን ካገኘኋቸው ጥቆማዎች ሁሉ ያ አንዱ ጥሩው ነው።

በመጨረሻ ያን ስም የለሽ አልበም አወራሁ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ዘፋኙ ቃሉን ሊጨርስ ሲል ይተወዋል፤ ማሲንቆው ይጨርስለታል። ያን ቦታ መንገድ ላይ ሆኜ ስሰማው ቆሜ እንደቀረሁ ነገርኳቸው። ቀጥዬ እንደልማዴ ወደ ነቀፋው ገባሁ።

«አራተኛው ግን ተበላሽቷል። ከበሮው የማሽን ነው፤ እንደ ወፍጮ ይደበድባል። ያን የመሰለ ድምፅ ላይ እንዲህ ያለ ከበሮ መጫን ግፍ ነው።»

በሩ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ቀለም ቀቢ ነበር። ጥፍሮቹ ሥር ነጭ ቀለም ደርቋል። መታወቂያ ሳይዝ ኬላ ላይ ከተያዙት ጋር ነው የመጣው፤ ከገባሁ ጀምሮ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም።

«ከበሮው ምን አደረገህ?» አለኝ።

ሰዉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

በማግስቱ ጠዋት ውሃ ለመቅዳት በርሜሉ ጋ ስንሰለፍ ከኋላዬ መጣ። ጆጉን እያለቀለቀ፣ ወደ እኔ ሳያይ ተናገረ።

«ከበሮ መቺው ወንድሜ ነበር። ወጥቶ ቀረ። ለሱ ቦታ ሌላ ሰው አላስገባም ብዬ ነው በማሽን የሞላሁት።»

ያን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አሁን ጠጋ ብሎ ሲያወራኝ ያው እሱ ነው።

ተናደድኩበት። እውነቱን ለመናገር፣ ከመደነቅም ከማዘንም በፊት የመጣብኝ ንዴት ነው። ሳላውቅ «አላውቀውም» ማለት ቀላል ነበር፤ አሁን አውቄ መዋሸት ሊኖርብኝ ነው። ደግሞ የማንን ጆሮ አምኖ ነው የሚናገረው? «ዝም በል» አልኩት። መታወቂያ ላልያዙት የቀበሌ ሰዎች መጥተው መስክረውላቸው ስለነበር በማግስቱ ይፈታሉ ተብሏል። አንድ ቀን ዝም ብሎ ቢያልፍለት ነፃ ነው።

ያን ቀን ስንቄን ያመጣችው ባለቤቴ ሳትሆን እህቷ ነበረች። ጥበቃው «ደህና ነች በሉት ብላለች» አለኝ። ደህና ብትሆን ራሷ ትመጣ ነበር። ተቀምጬ ጥቆማውን አፌ ላይ አመጣሁት፤ ስሙን እንኳ አላውቀውም፤ «በሩ አጠገብ ያለው ቀለም ቀቢ» ማለት ብቻ ይበቃል። ይህን ብዬ ምሽቱን ባለቤቴ አጠገብ እሆናለሁ። አስቤዋለሁ፤ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ጾሙ ሊፈታ ሲል፣ መርማሪው መጣ። ከቤት የመጣው ምግብ በየሳህኑና በየፌስታሉ በሩ ሥር ተደርድሯል፤ የሽሮው ሽታ የነቀዝ መድኃኒቱን አልፎ ይመጣል። ከትናንት ወዲህ እህል የቀመሰ የለም። መርማሪው ስልኩንና ትንሽ ስፒከር ይዞ መሀላችን ቆመ።

«ዘፋኙ ከእናንተ መሀል አንዱ ነው የሚል ጥቆማ ደርሶናል። አሁን ሙዚቃውን እከፍታለሁ፤ እያንዳንድህ ተነስተህ አዝማቹን ትዘፍንልኛለህ። ዘፋኙ ሲገኝ ምግቡ ይገባል።»

ከፈተው። ያ ድምፅ መጋዘኑን ሞላው። ወደ በሩ ላለማየት አንገቴ እስኪያመኝ ድረስ ወለሉን አየሁ።

በመጀመሪያ ካቦውን አስነሳው። ካቦው ዞሮ የኔታን አያቸው። የኔታ ከተቀመጡበት ሳይነሱ ተናገሩ።

«ልጄ፣ ሁዳዴ ነው። አይዘፈንም።»

«ትእዛዝ ነው አባቴ።»

«እንዳንዘፍን ያዘዘን ከአንተ ይቀድማል። አንተስ ጾመኛ አይደለህም?»

መርማሪው የስፒከሩን ድምፅ ቀነስ አደረገው።

«ሰምተሃቸዋል» አለ ካቦው፤ ተቀመጠ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም አልዘፍንም አለ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም። ከእነዚህ ውስጥ ገና ትናንት ምሽት እንቁላል ቢያገኝ እንደሚበላ ሲምል የነበረ አለ። የጨርቅ ነጋዴው ጋ ሲደርስ መርማሪው ተስፋ አደረገ።

«እርስዎ እንኳ ሙስሊም ነዎት።»

«ረመዳን ነው ልጄ» አሉት። «እኔም ጾመኛ ነኝ።»

ከጥግ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። መርማሪው ፊቱ ተለወጠ። «እንግዲያው ጹሙ!» አለና ጥበቃውን ጠርቶ ምግቡን ለቤተሰብ እንዲመልስ አዘዘው። ሳህኖቹ ሲነሱ ሲጋጩ ይሰማሉ። የኔታ ከንፈራቸው ደርቋል፤ ዐይናቸውን ጨፍነዋል። በዚህ መሀል መርማሪው ቀለም ቀቢው ፊት ደረሰ።

«ተነስ።»

ተነሳ። ወደ ተመላሹ ምግብ አየ፣ ወደ የኔታ አየ። ትንፋሹን ሲስብ አየሁት። ያን የትንፋሽ አሳሳብ አውቀዋለሁ፤ ሊዘፍን ነው። በሱ ምክንያት ሽማግሌ ጦሙን ሊያድር አይችልም ብሎ ቆርጧል።

«እኔ ልዝፈን!» ብዬ ዘልዬ ተነሳሁ።

መርማሪው ዞረ። «መምህር፣ አንተ ጾም የለህም?»

«በጾም መሀል ስለጥፍ ነው የያዛችሁኝ። ከእኔ የባሰ ማን አለ?»

ዘፈንኩ። ድምፄን የሚያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም፤ ቢኖር ያስቆመኝ ነበር። የሌላውን ሰው ከበሮ የምነቅፈው እኔ፣ አንድ መስመር እንኳ በቅኝቱ መዝፈን አልችልም። ሆን ብዬ አላበላሸሁም፤ የምችለውን ያህል ነው የዘፈንኩት። ከፍ ማለት ባለበት ቦታ ድምፄ ተሰነጠቀ፤ እዚያው ላይ ጥበቃው ሳቁ አመለጠው። ካቦው ተከተለው። ቀጥሎ መጋዘኑ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ከተያዝኩ ጀምሮ እንደዚያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። መርማሪው «በቃ!» አለ፤ እኔ ግን ሁለተኛውን አዝማች ጀመርኩ። በጥፊ መታኝ። ጆሮዬ ጮኸ፤ ሳቁም ቆመ።

«አንተ ከዚህ ቶሎ አትወጣም» አለኝና፣ ሌላ ሰው ማስዘፈኑን ትቶ ስፒከሩን ብብቱ ሥር ወሽቆ ወጣ። ቀለም ቀቢው እንደቆመ ቀርቶ ነበር። ማንም ተቀመጥ ሳይለው ተቀመጠ።

ምግቡ አልተመለሰም። ትንሽ ቆይተው የኔታ ጠሩኝ።

«በሁዳዴ ዘፈንክ ልጄ።»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ስግደት አለብህ።»

«ምን ያህል?»

«እኔ እስኪደክመኝ» አሉና ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። ሆዳቸው ባዶ ነው፤ ከእኔ እኩል ወድቀው ከእኔ እኩል ተነሱ። ግንባራችን ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ የጤፍ ብናኝ ይሸተኝ ነበር። ጥቂት እንደሰገድን ቀለም ቀቢው መጥቶ ከጎናችን ቆመና አብሮን ይሰግድ ጀመር። የኔታ አንተ ምን በደልክ ብለው አልጠየቁትም። ያኔ እንዳወቁ ገባኝ። ጠዋት ጠዋት ከሁላችን ጋር አቡነ ዘበሰማያት ሲል ሰምተውታል፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰው ድምፅ ሲያርሙ ነው የኖሩት።

በማግስቱ ጠዋት መታወቂያ ያልያዙት ተጠሩ። ቀለም ቀቢው በአጠገቤ ሲያልፍ አላየኝም፤ ደግ አደረገ። እኔ ፋሲካን እዚያው ዋልኩ። ሴት ልጄን ያየኋት ክርስትና ልትነሳ ጥቂት ሲቀራት ነው። ይህ አይቆጨኝም ብዬ አልዋሽም።

ቻናሌን እንደገና ከፍቻለሁ። አልበምም ባንድም እጠቁማለሁ፣ አቃቂሩም አልቀረልኝም። ያ አልበም ግን የለኝም። ከስልኬ አጠፉት፤ ሌላውም ሰው ፈርቶ ከየስልኩ አጠፋው። ዘፋኙ የት እንዳለ አልጠየቅኩም፣ አልጠይቅምም።

ባለፈው፣ ፍስክ ወር ላይ፣ ካቦው ከመንገድ ደወለልኝ። መኪናው ተመልሶለት ሥራ ጀምሯል። «ያን የተራብንለትን አልበም ላክልኝ እንጂ» አለ። ከመርማሪው ስፒከር ከወጣው አንድ አዝማች በቀር ሰምቶት እንደማያውቅ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። የኔታም፣ ነጋዴውም፣ ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። እንደሌለኝ ነገርኩት። ሞተሩ ይሰማኛል።

«እንግዲያው አውራልኛ» አለ።

ከመጀመሪያው ዘፈን ጀመርኩለት። ጾም ስላልነበረ ዜማውንም አልዋጥኩም፤ በዚያው በተሰነጠቀ ድምፄ ከነዜማው ነገርኩት። ሳቀብኝ። ሦስተኛው ጋ ስደርስ መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን ሲያጠፋ ሰማሁት።