ውኃ ያልጠጣው ዱንጉዛ

ስፌት የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ የሰፋሁት የገዛ ጣቴን ነው። በከተማችን ታችኛው ሰፈር በሲቀላ በተከራየሁት አንድ ክፍል ቤት፣ በአልጋውና በቁም ሣጥኑ መካከል የእግር ስፌት መኪናዬን አቆምኩ፣ ፔዳሉን ረገጥኩ፣ መርፌው ጥፍሬን በስቶ ወጣ። የስድስት ወር ሥልጠና የጨረስኩበት ሰርተፊኬት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ስለ ጣት የሚናገር ነገር አልነበረበትም።

ለወራት ሥራዬ ዚፕ መቀየርና የተማሪ ሱሪ ማጥበብ ሆነ። የዩኒቨርሲቲ ልጆች "እህቴ፣ ትንሽ ጠበብ አድርጊልኝ" ይሉኛል፤ አጠባለሁ፤ በማግስቱ መቀመጫው ላይ ተተርትሮ ይመለሳል። በካፌያቸው ምግብ አመካኝ ነበር። የካፌ ምግብ ደግሞ ማንንም አወፍሮ አያውቅም።

በዚህ መሀል ጋሽ ዘለቀ መጡ። በላይኛው ሰፈር በሴቻ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ለሠርጉ የዱንጉዛ ሱሪ እንድሰፋላቸው ፈለጉ። ዱንጉዛ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ሆኖ በእጅ የሚሸመን የጋሞ የክብር ልብስ ነው። ሱሪው ካማረ ከዚፕ እገላገላለሁ፤ ከተበላሸ ሴቻም ሲቀላም ስሜ ያከትማል። ይሄ ገብቶኛል።

ጨርቁን ይዞልኝ የመጣው ራሱ ሸማኔው ዳና ነው።

"ይሄ ጨርቅ መጀመሪያ ውኃ ይጠጣ" አለኝ። "ተነክሮ ይደር፣ ጥላ ላይ ይድረቅ፣ ከዚያ ቁረጪ።"

"ቀለሙ ቢለቅስ?" አልኩት። ደግሞም ሥልጠና ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዳልተማርን በኩራት ነገርኩት።

"እኔም አልተማርኩትም" አለና ሄደ።

ለካሁ፣ በስባሪ ሳሙና አሰመርኩ፣ ቆረጥኩ። የእግሩን እጥፋት አንድ ጣት ብቻ አደረግሁት፤ ትርፍ ጨርቅ መተው የእርግጠኛ ሰው ሥራ አይመስለኝም ነበር። ሲለኩት ልክ ሆነ። ደስታዬ ግን ላስረክብ ስል መኪናው የሱሪው ጉልበት ላይ ዘይት እስኪያንጠባጥብ ድረስ ነበር። የጋሽ ዘለቀ ባለቤት እትዬ ብርሃኔ ምንም አይደል ብለው ወሰዱት፤ በሙቅ ውኃ አጠቡት።

በሠርጉ ዋዜማ ጋሽ ዘለቀ ሱሪውን ለብሰው በባጃጅ ከሴቻ ወረዱ። መጀመሪያ ያየሁት ካልሲያቸውን ነው። ሱሪው ታጥቦ ተሰብስቧል፤ ከካልሲው በላይ ብዙ ቅልጥም ነበር። ተንበርክኬ እጥፋቱን ፈታሁት፤ ያቺው አንድ ጣት ተገኘች። የምቀጥልበት ቁራጭ የለኝም። እንባዬ መጣ። ለነገ ሌላ ሱሪ እንዲለብሱ ለመንኳቸው፤ ለልጄ ሠርግ ዱንጉዛዬን ነው የምለብሰው ብለው እንቢ አሉ።

ለበሱት። ጨፈሩበትም። በዘለሉ ቁጥር ጉልበታቸው ብቅ ይላል። የማን ሥራ ነው ብሎ ለጠየቀ ሁሉ ሳይቆጡ፣ ሳይስቁ፣ ስሜን ከነአባቴ፣ ቤቴን ከነምልክቱ ነገሩ። እኔ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ እሰማለሁ።

ከዚያ በኋላ ዚፕ የሚያመጣ እንኳ ጠፋ። ተማሪዎቹ ብቻ ቀሩኝ፤ እነሱ ሠርጉ ላይ አልተጠሩም።

ዳና ዘንድ ሄጄ ሌላ ዱንጉዛ አሸመንኩ። ነከርኩት፣ ጥላ ላይ አደረቅሁት፣ ሰፋሁት፣ ሴቻ ድረስ ለጋሽ ዘለቀ ወሰድኩላቸው። ልክ ሆነ፤ ታጥቦም ልክ ሆነ። ለሰው ሁሉ እኔ እንደሰፋሁት እንዲነግሩልኝ ለመንኳቸው።

ከአንድ ወር በኋላ ያንኑ ሱሪ ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አገኘኋቸውና ነግረውልኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"ማንም አልጠየቀኝም፣ ልጄ" አሉኝ። "ልክ የሆነ ሱሪ ማን ሰፋው ብሎ የሚጠይቅ የለም።"

ዛሬ ጨርቅ ሳልነክር አልቆርጥም። ለእጥፋት አራት ጣት እተዋለሁ። ማንም አይጠይቅም።